የቪልሆ ቤት አራተኛው ምሰሶ

ቪልሆ ካንጋስ ቤት ውስጥ ከእጅ ያመለጠ ነገር ሁሉ የሚንከባለለው ወደ መሃል ነው። ድንች ቢወድቅ፣ አዝራር ቢበጠስ፣ ክኒን ቢያመልጥ ፍለጋ የሚባል ጣጣ የለም፤ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ከሚገናኙበት ቦታ ሄዶ ማንሳት ብቻ ነው። ቤቱ ወገቡ ላይ ሰርጉዷል። አባቱ መዳብ ቆፋሪ በነበሩበት ዘመን የሠሩት የእንጨት ቤት ነው። እሳቸውም አለፉ፣ የመዳብ ጉድጓዱም ተዘጋ፤ ቤቱ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ እስካሁን አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን ያቃና ነበር። ቪልሆ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ መጣመም መረጠ። የጠረጴዛውን ሁለት እግሮች በእንጨት ቁራጭ ከፍ አደረጋቸው። በር አልዘጋ ሲለው መላጊያውን ያመጣና ከላይ ይልገዋል፤ በዓመቱ እንደገና አልዘጋ ሲለው እንደገና ይልገዋል። ከመላግ ብዛት የመኝታ ቤቱ በር ባርኔጣውን ወደ ጎን ያደረገ ሰካራም መስሎ ቀርቷል። ለቪልሆ ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። በተፈጥሮው የማይቸኩል ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጎረቤት ይወደዋል፣ ወንድም ግን ፀጉሩን ይነጭበታል።

ከአጥሩ ማዶ ሳይሚ አለች። ባሏ ኤሮ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ስትስቅ ሐይቁ ዳር ድረስ የምትሰማ ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቪልሆ ሳውና፣ ወደ እንፋሎት መታጠቢያው፣ ትመጣለች። መጀመሪያ ቪልሆና ታናሽ ወንድሙ ታውኖ ይገባሉ፣ ቀጥላ እሷ ትገባለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ቪልሆ ይወዳታል። ይህንን ታውኖ ያውቃል፣ ፖስታ አዳዩ ያውቃል፣ ቄሱ ያውቃሉ። ያልተነገራት እሷ ብቻ ናት።

በረዶው ቀልጦ ባለቀ ሰሞን ሳይሚ በአጥሩ ላይ ተደግፋ፣ «ሰማህ ወይ ቪልሆ፣ እህቴ ሄልቪ ዱሉት ከተማ ነይና አብረን እንኑር ትለኛለች። ቤቴንም የሚገዛ ሰው ተገኝቷል። ሰኔ ሲያልቅ መልስ ስጪኝ ብሎኛል» አለችው።

 ቪልሆ ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር። ግን ምላሱ ተሳሰረና፣ «ዱሉት ነፋሷ ከባድ ነው» አለ።

ሳይሚ የሚቀጥል ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ ጥቂት ጠበቀችው።  «እሺ፣ ሹራብ እይዛለሁ» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ታውኖ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ነፋስ! ሴትዮዋ ልትሄድብህ ነው፣ አንተ ስለ አየር ጠባይ ታወራለህ?»

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«አትሂጂ፣ አግቢኝ በላታ! ሰው እንዲህ ነው የሚለው። እኔ እንዲህ ነው ያልኩት።»

«ወዴት ነው የምትገባው? እዚህ ቤት ውስጥ? ሰው ወደ አልጋው ዳገት እየወጣ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነይ ይባላል?»

«ዳገቱን ታውቀዋለች!»

«መጀመሪያ ቤቱ ይቃና» አለ ቪልሆ። አንዴ ከወሰነ ደግሞ ወሰነ ነው። ታውኖ ዕድሜውን በመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ድጋፍ ሲያቆም የኖረ ሰው ስለሆነ ተበሳጭቶም ቢሆን መሣሪያውን ለማምጣት ሄደ።

ሁለቱ ከወጥ ቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ወረዱ። ወለሉ አፈር ነው። በአንድ ወገን ድንችና ማገዶ ተከምሯል፤ በሌላው ጥግ አባታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ሳውና አለ። ከራሳቸው በላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከአንድ ዛፍ የተጠረበ ዋና አግዳሚ ተዘርግቷል፤ ቤቱን በሙሉ የሚሸከመው እሱ ነው። እሱን ደግሞ አራት የእንጨት ምሰሶዎች ይሸከሙታል፤ አራቱም በቀጥታ አፈሩ ውስጥ የተተከሉ ናቸው። ታውኖ የአንዱን ምሰሶ እግር በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ቢያደርገው መፍቻው እስከ እጀታው ጠለቀ።

«ይሄ ምሰሶ አይደለም፣ ኬክ ነው» አለ። «ለመሆኑ ቤቱ እስካሁን በምን ቆመ?»

«በልማድ» አለ ቪልሆ።

ምሰሶዎቹን የበላቸው የሳውናው ውሃ ነው። ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ በየቅዳሜው ከሳውናው በር ሥር እየሾለከ፣ በአፈሩ ላይ እየተንሸራሸረ እግራቸውን ሲያጥባቸው ኖሯል።

ሥራው ተጀመረ። በአሮጌው ምሰሶ አጠገብ ሰፊ ጣውላ ያነጥፋሉ፣ ጣውላው ላይ በጥምዝ የሚነሳውን ትልቁን ክሪክ ያቆማሉ፣ ክሪኩ አግዳሚውን ሲሸከም አሮጌው ምሰሶ ይወጣል። ጉድጓድ ይቆፈርና ኮንክሪት ይሞላል፤ ኮንክሪቱ ሲጠነክር አዲሱ የብረት ምሰሶ ይተከልበታል። ታውኖ አንዴ ጠምዝዞ መገላገል ይፈልጋል። ቪልሆ ግን ክሪኩን ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ እንጂ ከዚያ በላይ አያስነካም። ተጣሞ የኖረ ቤት በአንድ ቀን ቀና ካሉት ልስኑ ይሰነጠቃል፣ መስታወቱ ይረግፋል። ቤቱም እየተነሳ ያቃስታል፣ ይንቋቋል፤ አንዳንዴ ላይ ያለው ቁም ሳጥን በገዛ ራሱ ይከፈታል። ቪልሆ ማታ ማታ ውሃ ልኩን ይዞ ክፍል ለክፍል ይዞራል፤ የውሃ ልኩ አረፋ ወደ መሃል እየቀረበች ስትመጣ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ነገር ብቻ አላሰበበትም። ስንት ዘመን የላጋቸው በሮች አሁን ከላያቸው ድመት የሚያሾልክ ቀዳዳ አወጡ።

«በሮችህ ሁሉ ጥርሳቸው ወለቀ» ይላል ታውኖ እየሳቀ።

«እሠራቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ሳይሚ በዱሉት መቶኛ ልደቷን ስታከብር ትጨርሳቸዋለህ።»

ሦስቱ ምሰሶዎች ተተከሉ። አራተኛው፣ ከሳውናው በር አጠገብ ያለው፣ ለመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። የሳይሚ ቤት ገዢ ለመልስ የሚመጣው ሰኞ ነው። ቪልሆ ዛሬ ከሳውና በኋላ ቡናው ላይ እነግራታለሁ ብሎ ቆርጧል። የሚላትንም ምድር ቤት ውስጥ ለድንቾቹ ሲለማመድ ሰንብቷል። ጠዋት አራተኛውን አሮጌ ምሰሶ አወጡና ለአዲሱ ኮንክሪት ሞሉ። እስኪጠነክር ድረስ አግዳሚውን እዚያ ቦታ ላይ የሚሸከመው ክሪኩ ብቻ ነው፤ ክሪኩ የቆመው ደግሞ አፈር ላይ በተነጠፈ ጣውላ ነው።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢኖር «ዛሬ እንኳ ሳውናው ይቅር» ይል ነበር። እነዚህ ግን የፊንላንድ ዘር ናቸው፤ ቅዳሜ ደግሞ ቅዳሜ ነው። አባታቸው በተቀበሩበት ቅዳሜ እንኳ እናታቸው ሳውናውን አንድደዋል፤ ቀባሪው ሁሉ ተራ በተራ ታጥቦ ነው የሄደው። ስለዚህ ይቅር ማለት ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም። ቪልሆ ያየው ችግር ሌላ ነው። አግዳሚው ሲነሳ በእሱና በሳውናው በር መቃን መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። በዚያ እንፋሎት ሊወጣ ነው! ይህ እንዴት ዝም ይባላል? ጠንካራ ጣውላ በልኩ ቆርጦ፣ በመዶሻ እየመታ፣ ነፋስ እንዳያሳልፍ አድርጎ ጠቀጠቀው። ከዚያ እሳቱን አነደደና ከታውኖ ጋር ገባ።

ታውኖ ውሃ ሲያፈስ እጁ አይያዝም። የመጀመሪያውን ጭልፋ «ለእናታችን» ብሎ የጋለው ድንጋይ ላይ ቸለሰው። ሁለተኛውን ለአባታቸው። ቀጥሎ አክስቶችና አጎቶች ተከተሉ። በየመሃሉ ደግሞ ባልዲ ሙሉ ውሃ እያነሳ ራሱ ላይ ይደፋል።

«ይሄኛው ደግሞ ለማን ነው?» አለ ቪልሆ ከላይኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ።

«ለቤት ገዢው። ሐሳቡን እንዲቀይር!»

ከውጭ በኩል «ቅርርርጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። 

«ቤቱ ደግሞ ምን አለ?» አለ ታውኖ። ሞቆት ስለነበር መልሱን ሳይጠብቅ ወርዶ በሩን ገፋው። በሩ አልነቃነቅ አለ። በትከሻው ገፋው። እንደ ግድግዳ ነው።

ቪልሆ ነገሩ ሲገባው ክው አለ። «ክሪኩ» አለ። «ጭቃ ላይ ነው የቆመው።»

«የምን ጭቃ? ደረቅ አፈር ላይ ነው ያቆምነው!»

«ያፈሰስከው ውሃ ሁሉ የት የሄደ መሰለህ?»

ታውኖ ወለሉን አየ። ውሃው በበሩ ሥር ኩልል እያለ ይወጣል። «ይስመጥ ታዲያ፣ በሩን ምን አገናኘው? ከላዩ ክፍተት ነበረ'ኮ።»

ቪልሆ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

«ክፍተት ነበረ አይደል?»

«ደፈንኩት።»

«በምን ደፈንከው?»

«በጣውላ። በጠንካራ ጣውላ።»

«ለምን?!»

«እንፋሎቱ እንዳይወጣ ነዋ።»

ታውኖ ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እንፋሎት እንዳይወጣ መድፈን ትክክል ነው፤ በዚህስ ሊከራከር አይችልም። በሩን ሊሰብር ተነሳ፤ ቪልሆ ክንዱን ያዘው። አግዳሚው በዚያ በኩል አሁን ያረፈው በሩ መቃን ላይ ነው። ሦስቱ ምሰሶዎች ስላሉ ቤቱ አይወድቅም፤ መቃኑን ከሰበሩት ግን የሥራቸው ሁሉ ዋጋ ገደል ገባ። እሳቱን አዳፈኑ፣ በምድሩ ልክ ያለችውን ትንሿን መስኮት ከፈቱ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡና እንደተቀቀለ ዓሣ አፋቸውን ከፍተው ተነፈሱ።

በመስኮቱ አጠገብ ሁለት የጎማ ጫማዎች አለፉ።

«ሳይሚ ናት!» አለ ታውኖ።

«እንዳትጠራት! ራቁታችንን ነን!»

«በሩ ተዘግቶ እያለ እንኳን ራቁታችንን፣ በሱፍም ብንሆን አታየንም። ሳይሚ! ኧረ ሳይሚ! ድረሽልን!»

ጫማዎቹ ተመለሱ። «ታውኖ? ከመሬት ሥር ምን ታደርጋለህ?»

ጥቂት ቆይቶ በደረጃው ስትወርድ ተሰማ። ከዚያ «ውይ ጉዴ!» አለች። ከዚያ ያ ሳቋ መጣ። ቪልሆ ሳቋን ሲሰማ ከሙቀቱ የተረፈው የፊቱ ቦታም ቀላ።

«ስቀሽ ስትጨርሺ ንገሪን» አለ ታውኖ።

«ትንሽ ቀረኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ረጋ አለ። «ክሪኩ ከነጣውላው ሰምጧል። ጣውላውም ተሰንጥቋል። ምን ላድርግ?»

ቪልሆ ወደ በሩ ተጠጋ። ስለ ምሰሶ ሲሆን ምላሱ ይፈታል። «ደረጃው ሥር ሌላ ክሪክ አለ። ግድግዳው ጋ፣ ደረቁ ላይ፣ ሰፊውን ጣውላ አንጥፊለት። ከዚያ ከአግዳሚው ሥር ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ከባድ ነው፣ ወገብሽን ተጠንቀቂ።»

«ወገቤን ተወው፣ የራስህን አስብ።» ስትጎትት፣ ስታቃስት፣ ጭቃ ውስጥ ስትንቦጫረቅ ተሰማ። «እሺ፣ ቆሟል። ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ቀኝ። ቀስ ብለሽ።»

«ቀስ ማለቱን እንኳ ካንተ በላይ ማን ያውቃል!» አለች። ክሪኩ መንጫጨት ጀመረ። እየጠመዘዘች ታወራለች። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይህን ሁሉ ዘመን ተጣሞ የኖረ ቤት በስተርጅና ምን አስነካህ? በየቀኑ ኳ ኳ ስትሉ እሰማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም።»

ታውኖ ወንድሙን በክርኑ ጎሸመው። «ንገራት» አለው በሹክሹክታ።

«እዚህ?» አለ ቪልሆ።

«የት ልትነግራት ነው? ካልነገርካት እኔ ነኝ የምነግራት።»

የክሪኩ ድምፅ ቆመ። «ምንድን ነው የምትነግሩኝ?» አለች ሳይሚ።

«ምንም» አለ ቪልሆ።

«አሃ። ምንም ከሆነ እንግዲህ ትንሽ ልረፍ፣ ክንዴ ዝሏል።» ባልዲ ገልብጣ ስትቀመጥበት ተሰማ።

«ወንድሜ፣» አለ ታውኖ፣ «እኔ ሚስትም ልጆችም አሉኝ። እዚህ ተቀቅዬ መሞት አልፈልግም።»

ቪልሆ ለድንቾቹ የተለማመደውን ሁሉ ፈለገው፤ አንዱም የለም። ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። እንጨቱ ይሞቃል። አሁን ዝም ካለ ሰኞ ቤቷ ይሸጣል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በአጥሩ ማዶ ሌላ ሰው ሊኖር ነው። 

«እንዳትሄጂ ብዬ ነው» አለ። «አብረሽኝ እንድትኖሪ ልጠይቅሽ ፈልጌ... ቤቱ እንዲህ ተጣሞ እንዴት ነይ ልበላት ብዬ አፈርኩ። ሲቃና እጠይቃታለሁ አልኩ። ሳይሚ፣ እኔ ዱሉት የምትባል ከተማ ባትኖር ደስ ይለኛል። ሌላ የምለው የለኝም። እወድሻለሁ፣ እሱ ነው።»

  ቪልሆ ደረጃውን ወጥታ ሄዳ ይሆን ብሎ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«ቪልሆ፣» አለች በመጨረሻ፣ ቅርብ ሆና፣ «በእኔ ቤት ሳውና አለ ወይስ የለም?»

«አለ። ኤሮ የሠራው።»

«ከዚህኛው ይሻላል ወይስ አይሻልም?»

ቪልሆን ይህን መመለስ ከበደው፤ ይህኛው የአባቱ ሥራ ነዋ። «ምድጃው ይሻላል» አለ።

«ታዲያ በየቅዳሜው በረዶ እየረገጥኩ እዚህ የምመጣው ለምንድን ነው?»

«ለአንድ ሰው ብሎ ማገዶ መፍጀት አይሆንልኝም ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር። አንተም ዝም ብለህ አመንከኝ! እኔ ይህን ዳገትና ቁልቁለት ስወጣ ስወርድ የኖርኩት ለእንፋሎት መሰለህ? ሄልቪ በስልክ 'እሱ ሰውዬ ምን አለ?' ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት ታውቃለህ? 'ዱሉት ነፋሷ ከባድ ነው አለኝ' አልኳት። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ።»

ቪልሆ በሁለት እጁ በሩን ያዘ። «ሳይሚ...» አለ።

«ሳይሚ ሳይሚ አትበል፣ ልጠምዝዝ» አለች። ክሪኩ ተንጫጫ። አሁን እንደ ቅድሙ ቀስ ብሎ አይደለም፤ ታውኖ «እልል በይ! ጠምዝዢው!» እያለ ባልዲውን እንደ ከበሮ ይመታል። ቪልሆ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በይ ሳይል ቀረ። ከላይ፣ ከወጥ ቤቱ በኩል፣ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ከልስኑም ትንሽ ሳይረግፍ አልቀረም። ግድ የሰጠው የለም። የጠቀጠቀው ጣውላ ላላ ብሎ ወረደና በሩ ፊት ተፈናጠረ።

«በሉ ግፉት!»

በሩ ተበርግዶ እንፋሎቱ ተግተልትሎ ወጣ። ታውኖ ፎጣውን በአንድ እጁ ይዞ በመካከላቸው ሾልኮ ደረጃውን ተወነጨፈ። ወዲያው ከግቢው ላይ «ተናገረ! ቪልሆ ተናገረ!» የሚል ጩኸቱ ተሰማ። ሰፈሩ በሙሉ ምን እንደተናገረ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ቪልሆ ፎጣውን ወገቡ ላይ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ሳይሚ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ ጉንጯ በክሪኩ ቅባት ጠቁሯል። እንዲህ ቆንጆ ሆና አይቷት አያውቅም።

«መልስ አልሰጠሽኝም እኮ» አለ። «እሺ ነው ወይስ...»

ሳይሚ የክሪኩን ብረት እንደጨበጠች ቀና ብላ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ቤትህን በገዛ እጄ አንስቼልሃለሁ። ከዚህ የበለጠ እሺ ካለ አሳየኝ።»

ቪልሆ ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ፤ እሷም አብራው ሳቀች። ከዚያ ቀና ብሎ አግዳሚውን አየ። ትንሽ ይቀረዋል። በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ገባና የብረቱን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ጠመዘዙት።